ለክፉ ቀን የተቀነጠበች ቀንበጥ
የጓሮ ቋሚ ተክሎች ከግቢ ወደ ግቢ እንዴት ይሻገራሉ?

ከአራት ኪሎ ግቢያችን ወጥተን ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ብንወርድና ከድልድዩ ማዶ ሽቅብ ብንወጣ ፒያሳ እንደርሳለን። በዚህ መንገድ ለዓመታት ስንመላለስ የለመድነው የፒያሳ ገጽታ የወርቅ ቤቶቹ፣ የሲኒማ ቤቶቹ፣ የኬክ ቤቶቹና የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነው። ከሱቆቹ ጀርባ በነበሩት ግቢዎች ውስጥ ግን ሌላ ፒያሳ ነበረ፤ የጌሾ፣ የጤና አዳም፣ የዳማከሴ፣ የኮሰረት፣ የአሪቲና የኮክ ፒያሳ።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ሰፊ የፒያሳ ክፍል ፈርሷል። ነዋሪዎቹም ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛውረዋል። ከዝግጅት ክፍላችን ባልደረቦች የአንዳችን አክስት ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩበትን ግቢ የለቀቁት በዚያው ጊዜ ነው። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ሁለት ነገር አደረጉ። በመጀመሪያ ከመስኮታቸው ሥር ከወገብ በላይ ያደገውን የኮሰረት ቁጥቋጦ አስቆፍረው ከነሥሩ በማዳበሪያ ከረጢት አስጠቀለሉ። ቀጥሎም ከዚያው ቁጥቋጦ ስንዝር የማትሞላ ቀንበጥ ቀነጠቡና የታችኛውን ቅጠሏን ገፈው፣ ታቹ በምስማር በተበሳ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ በአፈር ተከሏት። ከላይም ፌስታል አለበሷት። ዕቃ ይጭን የነበረው ወጣት «እትዬ፣ ትልቁን ከጫንነው ይቺ ደግሞ ምን ታደርጋለች?» ቢላቸው «ልጄ፣ ይቺ ለክፉ ቀን ናት» አሉት።

ክፉው ቀን ሩቅ አልነበረም። ትልቁ ቁጥቋጦ በአዲሱ ሰፈር በሳምንቱ ቅጠሉን አራገፈ፤ ወር ሳይሞላውም ደረቀ። የጣሳዋ ቀንበጥ ግን ክረምቱ ሲገባ አዲስ ቅጠል አወጣች። ዛሬ በጋራ መኖሪያ ቤት በረንዳ ላይ ሰፊ ባልዲ ሞልታ ትታያለች፤ ለጎረቤትም ተርፋለች። ለመሆኑ ሥር የነበረው ትልቁ ተክል ሞቶ፣ ሥር ያልነበራት ቀንበጥ እንዴት ዳነች? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መመለስና ከመልሱም ለማንኛውም ግቢና በረንዳ የሚሆን ዘዴ ማውጣት ነው።

የድሮው ግቢና ቋሚ ተክሎቹ

አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ አራዳ የከተማዋ የገበያና የመኖሪያ እምብርት ሆኖ ቆይቷል። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ሌሊቱ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ቀዝቃዛ ነው፤ ዋናው ዝናብም ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ከታወጀ በኋላ ብዙዎቹ ቤቶች የቀበሌ ቤቶች ሆኑ፤ በአንድ ግቢም ብዙ ቤተሰብ ይኖር ጀመር። በእንዲህ ያለ ጠባብ ግቢ ውስጥ ለእርሻ የሚሆን መሬት አይገኝም። በግድግዳ ጥግ፣ በቧንቧው አጠገብና በአጥሩ ሥር የሚተርፈው ቦታ የሚበቃው አንዴ ተተክለው ለዓመታት ለሚኖሩ ተክሎች ብቻ ነው።

የዕጽዋት ሳይንስ እነዚህን ቋሚ ተክሎች ይላቸዋል። እንደ በሶብላና ድንብላል ያሉት ዓመታዊ ተክሎች በአንድ ወቅት በቅለው፣ አብበውና ዘር ሰጥተው ይሞታሉ። ቋሚ ተክሎች በአንጻሩ ካፈሩ በኋላም በግንዳቸው፣ በሥራቸው ወይም ከመሬት በታች ባለ አካላቸው ያልተነካ የእድገት ዓይን ይዘው ይቆያሉ። ለዚህም ነው ከላይ ሲቆረጡ ከታች የሚያቆጠቁጡት። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ሊያቃልል የቻለው ፈጥኖ ስለሚያድግ ብቻ ሳይሆን፣ ከተቆረጠው ጉቶ ደጋግሞ ስለሚያቆጠቁጥም ጭምር ነው።

የግቢው ቋሚ ተክሎች እያንዳንዳቸው ሥራ ነበራቸው። ጌሾ ለጠላና ለጠጅ፣ ግራዋ ለጋን ማጠቢያ፣ ጤና አዳም ለቡናና ለአይብ፣ ኮሰረት ለቅቤ ማንጠሪያ፣ ዳማከሴ ለምች፣ ጠጅ ሳርና አሪቲ ለመዓዛ ያገለግሉ ነበር። የእንሰት ቅጠል፣ ማለትም ኮባ፣ ለድፎ ዳቦ ይፈለጋል። አንዱ ቤት የሌለው ከሌላው ይቀጥፋል። መትከል የፈለገም ዘር ለመግዛት ገበያ አይሄድም፤ ከጎረቤት ቅርንጫፍ ይለምናል። የጽሑፋችን ፍሬ ነገርም የሚጀምረው ከዚህ ልመና ነው።

ዘር ወይስ ቅርንጫፍ?

አንድ ተክል በሁለት መንገድ ሊባዛ ይችላል። የመጀመሪያው በዘር ነው። ዘር የሁለት ወላጆች የዘረመል ቅልቅል ውጤት በመሆኑ ከእሱ የሚበቅለው ችግኝ እናቱን ሊመስል ይችላል፤ እናቱን ግን አይሆንም። ሁለተኛው መንገድ ከእናት ተክል አካል ቅርንጫፍ፣ ሥር ወይም ከሥር የሚወጣ ቀንበጥ ወስዶ መትከል ነው። በዚህ ጊዜ አዲስ ትውልድ አልተወለደም፤ ያው ግለሰብ ተክል በሌላ ቦታ ኑሮውን ቀጠለ እንጂ። ሳይንሱ ይህን ክሎን ይለዋል። በመሆኑም በረንዳ ላይ ያለችው ኮሰረት የፒያሳው ኮሰረት ልጅ አይደለችም። በዘረመል ረገድ ራሱ የፒያሳው ኮሰረት ናት።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያሳይ ምሳሌ ከራሳችን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ እናገኛለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ለመከላከል ሊያገለግል እንደሚችል ለማረጋገጥ መነሻ ሆነ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ረጅም ምርምር ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶች ተነጻጽረው «ዓይነት 44» በመባል የሚታወቀው በላቀ ኃይሉ ተመረጠ። ለዚህ ሥራ ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል።

እዚህ ላይ የአባዛዝ ጥያቄ ይነሳል። እንዶድ ወንዴና ሴቴ አበባ በተለያዩ ተክሎች ላይ የሚያወጣ ዝርያ ሲሆን፣ የሚፈለገውን ፍሬ የሚሰጠው ሴቴው ነው። ከዘር የበቀለ ችግኝ ወንዴ ይሁን ሴቴ እስኪያብብ ድረስ አይታወቅም፤ ሴቴ ቢሆንም እንኳ የእናቱን ኃይል ስለ መያዙ ዋስትና የለም። ከዓይነት 44 የተቆረጠ ቅርንጫፍ ግን ያለ ጥርጥር ሴቴ ነው፤ ያለ ጥርጥርም ዓይነት 44 ነው። ጎረቤታችን «የኔ ጤና አዳም ሽታው ልዩ ነው፤ ከሱ ልስጥሽ» ብላ ቅርንጫፍ ስትሰጥ የምትሠራው ከዚህ ምርጫ ጋር በመርኅ አንድ የሆነ ሥራ ነው።

ይሁንና ዘርን ማናናቅ አይገባም። የአረቢካ ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከዘሩ የሚበቅለው ችግኝ እናቱን በእጅጉ ይመስላል። ስለዚህ ቡናን በፍሬ ማባዛት ተገቢ ነው፤ ዘሩ ሲቆይ የመብቀል ኃይሉን ስለሚያጣ ግን ትኩሱን መዝራት ያስፈልጋል። ጌሾም በተለምዶ የሚባዛው ከበሰለ ፍሬው በሚወጣ ዘር ነው። ከሁሉም በላይ አዲስ ዓይነት ሊፈጠር የሚችለው በዘር በሚመጣ ቅልቅል ነው። ቅርንጫፍ ያለውን ይጠብቃል፤ ዘር ያልነበረውን ያመጣል።

ቅርንጫፍ ሥር የሚያወጣው ለምንድን ነው?

የእንስሳ እግር ቢቆረጥ ከተቆረጠው እግር አዲስ እንስሳ አይወጣም። የተክል ቅርንጫፍ ግን ሙሉ ተክል ሊሆን ይችላል። ኦስትሪያዊው የዕጽዋት ተመራማሪ ጎትሊብ ሃበርላንት እ.ኤ.አ. በ1902 አንዲት የተክል ሕዋስ ብቻዋን ሙሉ ተክል የመሆን ችሎታ እንዳላት በጽሑፍ አቀረበ፤ ራሱ ግን በሙከራ ሊያሳየው አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ፍሬድሪክ ስቲዋርድና ባልደረቦቹ ከካሮት ሥር በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ባደረጉት ሥራ ሐሳቡ በተግባር ታየ። የተክል ሕዋስ ቅጠል ወይም ግንድ ከሆነ በኋላም ሥር የሚያበቅለውን መመሪያ አልጣለውም፤ የሚጠብቀው ትእዛዝ ብቻ ነው።

ትእዛዙን በዋነኛነት የሚያስተላልፈው ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ነው። ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1880 ባሳተሙት ሥራ የሣር ቡቃያ ወደ ብርሃን እንዲታጠፍ የሚያደርግ መልእክት ከጫፉ ወደ ታች እንደሚተላለፍ አመለከቱ። በ1920ዎቹ ሆላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት ይህ መልእክት ንጥረ ነገር መሆኑን አረጋገጠ። በ1930ዎቹ ደግሞ ያው ንጥረ ነገር በተቆረጠ ግንድ ላይ ሥር እንደሚያስወጣ ታወቀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኦክሲን በብዛት የሚሠራው በቀንበጡ ጫፍና በለጋ ቅጠሎች ነው፤ ከዚያም ወደ ታች ይወርዳል። ግንዱ ሳይቆረጥ መንገዱን ቀጥሎ ሥር ይደርሳል። ሲቆረጥ ግን መንገዱ ስለሚያልቅ በመቁረጫው አካባቢ ይጠራቀማል። በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያለው ካምቢየም የተባለ ስስ የሕዋስ ሽፋንና በዙሪያው ያሉት ሕዋሳት በዚህ ክምችት ተቀስቅሰው መከፋፈል ይጀምራሉ። መጀመሪያ ቁስሉን የሚሸፍን እባጭ፣ ቀጥሎም አዲስ ሥር ይፈጠራል።

ኦክሲን የሚወርደው በአንድ አቅጣጫ በመሆኑ ቅርንጫፍ ላይና ታች አለው። ጀርመናዊው ሄርማን ፎክቲንግ እ.ኤ.አ. በ1878 የአኻያ ቅርንጫፎችን በእርጥብ አየር ውስጥ ገልብጦ ቢሰቅላቸውም ሥር ያወጡት አስቀድሞ ታች በነበረው ጫፋቸው አካባቢ ነው። ይህን አንባቢዎቻችን በሁለት ጣሳ ሊሞክሩት ይችላሉ። ከአንድ የዳማከሴ ተክል እኩል ቁመት ያላቸው ቀንበጦች ወስዶ ግማሾቹን ቀጥ አድርጎ፣ ግማሾቹን ገልብጦ መትከልና ከአንድ ወር በኋላ ማወዳደር ነው።

አሁን ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። ውኃ የሚመጠጠው በወፍራሞቹ ሥሮች አይደለም፤ በዓይን ለማየት በሚያዳግቱ፣ በቀጫጭን ሥሮች ጫፍ ላይ ባሉ የሥር ጸጉሮች ነው። ትልቁ ቁጥቋጦ በዶማ ሲነሳ እነዚህ ጸጉሮች ከአፈሩ ጋር ተበጥሰው ቀርተዋል። ቅጠሎቹ ግን አንድም አልተቀነሰም። ስለዚህ በበጋው ፀሐይ ከላይ ውኃ ማትነናቸውን ሲቀጥሉ ከታች የሚተካ አልነበረም። ቁጥቋጦው ሥር ነበረው፤ የሚጠጣበት አፍ ግን አልነበረውም። ቀንበጧ በበኩሏ ሥር ባይኖራትም የቀሯት ቅጠሎች ጥቂት ናቸው፤ በፌስታሉ ውስጥ ያለው አየርም በእርጥበት የተሞላ በመሆኑ የምታተነው ውኃ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። አዲስ ሥር እስክታወጣ ድረስ ጊዜ አገኘች። ተክልን ማዳን በመሠረቱ ገቢና ወጪ ውኃን ማመጣጠን ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ከጓሮ ውጪ ቤት የሌለው ኮሰረት

ከግቢው ተክሎች ሁሉ ኮሰረትን ለይተን የምናነሳበት ምክንያት አለን። ኮሰረት የሊፒያ አዶኤንሲስ ዝርያ ነው፤ «አዶኤንሲስ» የሚለው ስምም ዓድዋን ያመለክታል። ዝርያው ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ከሴ በመባል የሚታወቀውና በዱር የሚበቅለው ነው። ሁለተኛው ቅቤ የምናነጥርበት የጓሮው ነው፤ ይህንንም ከዱሩ ለይተው «ኮሰረት» የሚል ሳይንሳዊ የዓይነት ስም የሰጡት የዩኒቨርሲቲያችን የዕጽዋት ሊቅ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። የጓሮው ኮሰረት መዓዛ በአብዛኛው የሚመጣው ሊናሎል ከተባለው ንጥረ ነገር ነው።

የጓሮው ኮሰረት ተክለው በሚንከባከቡት ሰዎች እጅ የሚኖር ተክል ነው። ሰዎች መዓዛውን ወደውት መረጡት፤ የመረጡትንም በቅርንጫፍ እየተቀባበሉ እስከ ዛሬ አደረሱት። ጫካ ቢመነጠር ከሴ ይጎዳል፤ ጓሮ ቢጠፋ የሚጎዳው ኮሰረት ነው። እርግጥ በአንድ ሰፈር መፍረስ ምክንያት ኮሰረት ከኢትዮጵያ ይጠፋል ማለታችን አይደለም። በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች በጓሮ ይለማል፤ በገበያም ቅጠሉ ይሸጣል። ነገር ግን በገበያ የሚሸጠው የደረቀ ቅጠል ነው፤ የደረቀ ቅጠል ደግሞ አይተከልም። ከአንድ ግቢ ውስጥ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ተመርጦ የቆየ አንድ ክሎን ቅርንጫፉ ሳይቆረጥ ከተነቀለ በምንም ገንዘብ አይመለስም።

በሰው እጅ የሚኖሩ ተክሎች በሳይንስ ዘንድም ተገቢው ክብር ይገባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመውና በአራት ኪሎ ግቢያችን የሚገኘው ብሔራዊ የዕጽዋት ስብስብ የደረቁ ናሙናዎችን ይጠብቃል። ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ ፕሮጀክትም የሁለቱ አገሮች ዕጽዋት በተከታታይ ቅጾች ተመዝግበዋል። የተመዘገበው ስምና የደረቀው ናሙና ስለ ተክሉ ይነግረናል፤ ሕያው ተክሉን ግን የሚጠብቀው የሚተክል ሰው ነው።

እንዴት እንትከል?

ለኮሰረት፣ ለዳማከሴ፣ ለጤና አዳምና ለግራዋ የሚሆነው ዘዴ ከሞላ ጎደል አንድ ነው።

1. ጊዜው። በጣም የሚመቸው ክረምቱ ሲገባ፣ ሰኔና ሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ አየሩ እርጥብ፣ ፀሐዩም ለስላሳ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ቅዝቃዜ የሥሩን አወጣጥ ያዘገየዋል። በጠዋት፣ ተክሉ ውኃ ሞልቶ ሳለ መቁረጥ ይሻላል።

2. ምርጫው። ከጤነኛ ተክል፣ አበባ ካላወጣ ቅርንጫፍ፣ በጣም ለጋም በጣም የጠነከረም ያልሆነውን እንወስዳለን። አበባ ያለው ቀንበጥ ለሥር ሊያውለው የሚገባውን ምግብ ለአበባው ያውለዋል።

3. አቆራረጡ። ቁመቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በስለታም ቢላዋ ወይም ምላጭ ከአንጓ ዝቅ ብለን እንቆርጣለን፤ ከአንጓ አካባቢ ሥር በቀላሉ ይወጣልና። የታችኞቹን ቅጠሎች ገፈን ከላይ ሦስት ወይም አራት እንተዋለን። ሁሉንም መግፈፍ ስህተት ነው፤ ምግቡንና ኦክሲኑን የሚሠሩት የቀሩት ቅጠሎች ናቸውና።

4. አፈሩ። ግማሽ አሸዋ ግማሽ ለም አፈር በቂ ነው። ጭቃ የሆነ አፈር አየር ስለማያስገባ ቁስሉን ያበሰብሳል። ጣሳው ታቹ መበሳት አለበት።

5. እርጥበቱ። ካጠጣን በኋላ በሚያሳይ ፌስታል ሸፍነን በጥላ ሥር እናስቀምጣለን። በየጥቂት ቀኑ ገልጠን እናናፍሰዋለን። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ከተውነው ፌስታሉ ውስጥ ይቀቀላል።

6. ማላመዱ። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀንበጡን በቀስታ ስንስበው እምቢ ካለ ሥር ይዟል ማለት ነው። ከዚያ ፌስታሉን በቀን ለጥቂት ሰዓት፣ ቀስ በቀስም ለሙሉ ቀን እያነሳን ከውጪው አየር ጋር እናላምደዋለን።

እንደ በለስ፣ ሮማንና ወይን ያሉትን በተመለከተ ደግሞ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ የጠነከረ ቅርንጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ ከግማሽ በላይ ርዝመቱን መቅበር ይሻላል። በቅርንጫፍ እምቢ የሚሉ ቁጥቋጦዎች ካሉ ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ከእናቱ ሳንቆርጥ አጎንብሰን ወገቡን በአፈር መቅበር እንችላለን፤ ሥር እስኪያወጣ ድረስ እናቱ ታጠጣዋለች። ጠጅ ሳርና ናና ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ናቸው። ዘለላቸውን ከነሥራቸው ለሁለትና ለሦስት ከፍሎ መትከል፣ የጠጅ ሳሩንም ቅጠል አሳጥሮ መቁረጥ ይበቃል።

ጌሾን በዘር ለማባዛት የበሰለውን ፍሬ ልጦና አጥቦ ሳይቆይ መዝራት ነው። የጌሾ ቅጠል ከመራራነቱ የተነሳ ለመጠጥ እንደሚመረጥ ሁሉም ያውቃል። መራራነቱን የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ለይተው «ጌሾይዲን» የሚል ስም የሰጡት ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው ሲሆኑ፣ ውጤቱ በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል። የአያቶቻችን ምላስ አስቀድሞ ያገኘውን ቤተ ሙከራው ስም ሰጠው።

የእንሰት ጥበብ

በአባዛዝ ረገድ የአገራችን ገበሬዎች ከደረሱበት ከፍተኛ ጥበብ አንዱ በእንሰት ላይ ይታያል። በማሳ የሚለማው እንሰት በተለምዶ የሚባዛው በዘር አይደለም። ገበሬው የእንሰቱን ግንድ ከአሚቾው ከፍ አድርጎ ይቆርጥና የመሐል የእድገት ዓይኑን ፈልፍሎ ያወጣል፤ አሚቾውንም ይቀብረዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከአንድ አሚቾ ዙሪያ በርካታ ቀንበጦች ተንጋግተው ይወጣሉ።

ምክንያቱ አሁንም ኦክሲን ነው። የመሐሉ ጫፍ ከላይ ወደ ታች የሚልከው ኦክሲን የጎን ዓይኖችን ከመንቃት ያግዳቸዋል፤ አውራው ጫፍ ሲወገድ እገዳው ይነሳል። ዳርዊንም ቬንትም ሳይወለዱ የእንሰት ገበሬ ይህን በተግባር ያውቅ ነበር። በበረንዳችን ያለችውን ኮሰረት ጫፏን በጣታችን ስንቀነጥብ ከጎን ቅርንጫፍ አብዝታ የምትሰፋውም በዚሁ ሕግ ነው።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ክሎን የእናቱን መልካም ነገር ሁሉ እንደሚወርስ ሁሉ በሽታዋንም ይወርሳል። የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣው ዛንቶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ በሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በአገራችን በሠሩት ጥናት ነው። በሽታው ከተክል ወደ ተክል ከሚሻገርባቸው መንገዶች ዋነኞቹ የታመመ ቀንበጥና ያልጸዳ ቢላዋ ናቸው። ይኸው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2001 በኡጋንዳ የሙዝ ማሳዎች ተከስቶ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ስለዚህ ከተክል ወደ ተክል ስንሸጋገር ስለቱን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጽዳት፣ ቅጠሉ ከተዥጎረጎረ ወይም ከጠወለገ ተክልም ቅርንጫፍ አለመቀበል ይገባል። አንድ ግቢ ሙሉ ከአንድ እናት ብቻ የተባዛ ተክል መሙላትም አደጋ አለው፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላልና። ከሁለትና ከሦስት ቤት መለመን ሳይንሳዊ ብልኅነት ነው።

ጤና አዳምን በተመለከተም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ጭማቂው በቆዳ ላይ ቆይቶ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያቃጥሉና ቆዳን የሚያቆስሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ብዙ ስንቆርጥ እጃችንን መሸፈን፣ ከዚያም በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡሮችም በብዛት ሊወስዱት አይገባም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ለተማሪ አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብም ሰፊ መሬትም አይጠይቅም። በሚመጣው ሰኔ ከአያት፣ ከአክስት ወይም ከጎረቤት ግቢ አንድ ቅርንጫፍ ለምኑና ትከሉ። ከመትከላችሁ በፊት ግን ሰጪዋን ጠይቁ፤ ተክሉን ከማን አገኙት? ከየትኛው ሰፈር መጣ? ስንት ዓመት ቆየ? ለምን ወደዱት? መልሱን በደብተር ጻፉ፤ በጣሳው ላይም የተክሉን ስም፣ የመጣበትን ግቢና ቀኑን ለጥፉ። ያለ ታሪክ የተተከለ ኮሰረት ኮሰረት ብቻ ነው። ታሪኩ የተመዘገበለት ግን ለምርምር የሚሆን ናሙና ነው። የትምህርት ቤት ክበባት ይህን በጋራ ቢሠሩት በአንድ ክረምት የአንድ ሰፈር ቋሚ ተክሎች ሕያው መዝገብ ሊኖራቸው ይችላል።

ሁለተኛው ሐሳባችን የተተከለውን ብቻውን አለማስቀረት ነው። ቀንበጡ ሥር ሲይዝና ሲያድግ ከእሱ ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ለሁለት ሰው ስጡ። በአንድ ቦታ ብቻ ያለ ተክል የአንድ ዶማ ምት፣ የአንድ ድርቅ ወይም የአንድ በሽታ ምርኮኛ ነው። በሦስት ቤት ያለ ተክል ግን አንዱ ቤት ቢጠፋበት ከሌላው ይለመናል። ይህም በንድፈ ሐሳብ የቀረ ጉዳይ አይደለም።

አክስታችን ባለፈው ክረምት አንዲት የቀድሞ ጎረቤታቸው ከሌላ የከተማዋ ዳርቻ መጥተው ጠይቀዋቸው ነበር። እኚህ ሴት ከፒያሳ ሲወጡ ኮሰረታቸውን ሳይቆርጡ ቀርተዋል። የእሳቸው ኮሰረት ግን ከብዙ ዓመት በፊት ከአክስታችን መስኮት ሥር የተለመነ ነበር። ሲሄዱ በእጃቸው ፌስታል የለበሰች አንዲት ጣሳ ይዘው ሄዱ።